ቀለሙን የለቀቀው ቦርሳ፦ የአንዲት የጎንደር ቆዳ ቤት ጉዳይ

ጎንደር ፒያሳ፣ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ አንዲት ጠባብ ቆዳ ቤት አለች። ወንድምና እህት ይሠሩባታል። እሱ ቆዳውን ይቆርጣል፣ ሐረግና አበባ ይቀርጽበታል። እሷ ትሰፋለች፣ ቀለም ትቀባለች፣ ሒሳቡንም ትይዛለች። ቀበቶ፣ የኪስ ቦርሳ፣ የሴት ቦርሳ፣ አንዳንዴም የቢላ ሰገባ ይሠራሉ። ሥራቸው የአሜሪካ ከብት ጠባቂዎች ኮርቻ ላይ የሚታየው ዓይነት ነው። ሐረጉ እርስ በርሱ ይጠላለፋል፤ በመሀሉ አበባው ከቆዳው ብድግ ያለ ይመስላል።

አንድ ዓመት ለጥምቀት 14 የሴት ቦርሳ ታዘዘላቸው። ሁሉም ጠቆር ያለ ቡናማ፣ ሁሉም ደረት ላይ አቋርጦ በሚወርድ ረጅም ማንገቻ የሚያዝ። ለእንደነሱ ዓይነት ቤት ይሄ ትልቅ ትዕዛዝ ነው። ሌሊትም ጭምር ሠርተው አደረሱ። ጥር 10 የከተራ ዕለት ምንም አልተሰማም። ጥር 11 ጠዋት ግን ባሕረ ጥምቀቱ ተባርኮ ውሃው በሕዝቡ ላይ ተረጨ። ሰው ሁሉ ራሰ፤ ቦርሳውም ማንገቻውም አብሮ ራሰ። ከሰዓት በኋላ ስልኩ መጮህ ጀመረ። ነጭ ቀሚስ ላይ፣ ነጭ ነጠላ ላይ፣ ከትከሻ እስከ ወገብ የወረደ ቡናማ መስመር።

በዚያው ሳምንት 5 ቦርሳ ተመለሰ። አንዲት እናት የልጃቸውን ቀሚስ በፌስታል አጣጥፈው ይዘው መጡ። አልጮሁም። «ልጄ፣ የቦርሳውስ ይቅር፤ ይሄን ቀሚስ ምን ታደርጊልኛለሽ?» ብለው እህትየዋ ፊት ዘረጉት። እሷም «እትዬ፣ አጥቤ እሞክረዋለሁ፤ ካልለቀቀ የቀሚሱን ዋጋ እከፍልዎታለሁ» አለቻቸው። አልለቀቀም፤ ከፈለች።

እኔ የተጠራሁት ከዚህ በኋላ ነው። በቆዳ ሥራ የቆየሁ በመሆኔ ችግሩ የቱ ጋ እንደሆነ እንድመለከትላቸው ጠየቁኝ። ስማቸውን ሳልጠቅስ ጉዳዩን እንድጽፈው ፈቅደውልኛል። የምጽፈውም ተመሳሳይ ነገር የብዙ ጀማሪ ቆዳ ቤቶች ችግር ስለሆነ ነው። ጊዜውና ልፋቱ ሁሉ ቅርጹ ላይ ያልቃል። ደንበኛው የሚለብሰው፣ የሚነካውና የሚታሸው ግን ከቅርጹ በኋላ የተሠራውን ነው።

መጀመሪያ ያየሁት ቆዳውን ነው። ገበያ ላይ በብዛት የምናገኘው ቆዳ በክሮም ጨው የለፋ ነው። ለጫማ ፊትና ለጃኬት ጥሩ ነው፤ ይለሰልሳል፣ ሙቀትም ይችላል። ለቅርጽ ግን አይሆንም። ብትመታው ተመልሶ ይነሳል፣ መስመሩም ይጠፋል። ለዚህ ሥራ የሚፈለገው ታኒን በሚባል የዛፍ ቅርፊት ንጥረ ነገር፣ ለምሳሌ ከሚሞሳ ዛፍ በሚገኘው፣ የለፋው ነው። እሱ ሲርስ ይታዘዛል፤ ሲደርቅ የተመታበትን ቅርጽ ይዞ ይቀራል። ለመለየት ጠርዙን ቆርጦ መሀሉን ማየት ብቻ ነው። ክሮም ከሆነ ብዙ ጊዜ ወደ ሰማያዊ ወይም ግራጫ ያደላል። በታኒን የለፋው ውስጡም ቡናማ ነው። የነሱ ቆዳ ትክክለኛው ነበር፤ አዲስ አበባ ካለ ነጋዴ ነው የሚያስመጡት። ለቀበቶ ከ3 እስከ 4 ሚሊሜትር፣ ለቦርሳ ከዚያ ሳሳ ያለ። ውፍረቱም ልክ ነው።

ቀጥሎ ወንድምየው ሲቀርጽ አጠገቡ ቁጭ ብዬ አየሁት። ቆዳውን በስፖንጅ ያርሰውና ይተወዋል። አይቸኩልም። ጠቁሮ የነበረው ቆዳ ወደ ራሱ ቀለም መመለስ ሲጀምር አንስቶ ጉንጩ ላይ ያደርገዋል። ደርቆ የሚመስለው ቆዳ ጉንጭ ላይ ከቀዘቀዘ ደርሷል ማለት ነው። ጎንደር በበጋ አየሩ ደረቅ ስለሆነ ቆዳው ቶሎ ይደርቅበታል፤ ስለዚህ ገና ያልደረሰበትን ክፍል በፌስታል ይሸፍነዋል። ከዚያ አናቱ በጣት ሥር የሚሽከረከር ትንሽ ቢላ ያነሳል። ከውፍረቱ ሲሶ ያህል ብቻ ይቆርጣል። ቢላው ሲጎትትበት የብረት መወልወያ በተቀባ ጠፍር ላይ ሁለት ሦስቴ ይስለውና ይቀጥላል። ቆርጦ ሲጨርስ የመስመሩን አንዱን ወገን በትናንሽ ምት እያወረደ ይሄዳል። ያን ጊዜ ሌላኛው ወገን የተነሳ ይመስላል። አበባው በእውነት ከፍ አላለም፤ ዙሪያው ነው ዝቅ ያለው።

የመምቻ ብረቶቹን ራሱ ነው የሠራቸው። ከውጭ ማስመጣት አልቻለም፤ ስለዚህ ቡሎንና ወፍራም ሚስማር ሰብስቦ ጫፋቸውን በሞረድ ቀረጻቸው። አንዱ ጥላ ያወጣል፣ አንዱ የቅጠል ጅማት፣ አንዱ የአበባውን ፍሬ። በእውነት ግሩም እጅ ነው ያለው። ሐረጉን የሚያዞርበት መንገድ በዋዮሚንግ ግዛት ካለችው ከሸሪዳን ከተማ ስሙን ያገኘው፣ ዶን ኪንግ የተባለው ኮርቻ ሠሪ ያስፋፋው ዓይነት ነው፤ ክብ በክብ ላይ እየተያያዘ ባዶ ቦታ ሳይተው የሚፈስ። ሙያው ራሱ ከስፔን ወደ ሜክሲኮ፣ ከሜክሲኮ ወደ አሜሪካ ከብት አርቢዎች የተሻገረ ነው። ወንድምየው በዩቲዩብ ተማረው። አሁን በአሜሪካኖቹ ጽጌረዳ ፋንታ አደይ አበባ ይቀርጻል። እኔ ይሄን እሱው ከሚቀርጸው የፋሲል ግንብ ሥዕል ይልቅ እወድለታለሁ። ግንቡ በየሱቁ አለ፤ አደዩ ግን የእሱ ብቻ ነው።

ስለዚህ ቆዳው ደህና፣ ቅርጹ ደህና። ቀለሙ ጋ ስንደርስ ነገሩ ተገለጠ።

እህትየዋ ቀለም የምትገዛው ከቅዳሜ ገበያ ነበር። ዱቄት ነው፤ ሰፌድና መሶብ የሚሰፉ ሴቶች አክርማ የሚነክሩበት። ርካሽ ነው፣ ቀለሙም ያምራል። ግን ውሃ ውስጥ የሚሟሟ ቀለም ነው። አክርማው ከቀለሙ ጋር አብሮ ይፈላል፤ ሙቀቱ ቀለሙን ወደ ውስጥ ያስገባዋል። ቆዳን ግን ማፍላት አይቻልም። በታኒን የለፋ ቆዳ በጣም የሞቀ ውሃ ሲነካው ይኮማተራል፣ ይደርቃል፣ አይመለስም። ስለዚህ እሷ ዱቄቱን በለብታ ውሃ በጥብጣ፣ ጥቂት ስፒሪት ጨምራ፣ በጨርቅ ትቀባው ነበር። ቀለሙ ቆዳው ላይ ተኛ እንጂ አልገባም። ውሃ ሲያገኝ እንደገና ሟሟ።

በዚህ ላይ ደንበኞቹ ጠቆር ያለ ቡናማ ፈልገዋል። ለማጥቆር ደጋግማ ቀባች። ቆዳው የሚጠጣው ልክ አለው፤ ከዚያ በላይ የተቀባው ላዩ ላይ ዱቄት ሆኖ ይቀራል። የተቀረጸ ቆዳ ደግሞ ከለስላሳው የባሰ ነው። ተመትቶ የተጨመቀው ቦታ ቀለም በደንብ አይጠጣም፤ ጎድጓዳው ደግሞ ትርፉን ይይዛል፤ በጨርቅ ስትወለውልም አይደረስበትም። በሐረጉ ጥግ ጥግ የተጠራቀመውን በጥጥ ጫፍ ነክቼ አወጣሁላት። ጥጡ ጥቁር ሆነ። እሷ ግን «ጥላው ነው ያማረው» ብላ የምትወደው እሱን ነበር።

ሦስተኛው ነገር መዝጊያው፣ ማለትም ቀለሙ እንዳይለቅ ላዩ ላይ የሚቀባው ነው። ቀለሙ ሲደርቅ ሻማና ቫዝሊን አቅልጣ ታሸው ነበር። ያብረቀርቃል፣ የጣት ውሃም ይመልሳል። ግን ሰም ሙሉ ሽፋን አይደለም። ማንገቻ ቀኑን ሙሉ ልብስ ላይ ሲታሽ ሰሙ መጀመሪያ የሚለቀው እዚያው ነው። አራተኛውና ከሁሉ የከፋው የማንገቻው ውስጠኛ ወገን ነው። ልብስ የሚነካው እሱ ነው። እንዳይነጣ ተብሎ ቀለም ተቀብቷል፤ ሰም ግን አልነካውም። የቆዳው የሥጋ ወገን ጸጉራም ስለሆነ ቀለም ብዙ ይጠጣል፤ ሲርስም ብዙ ይለቃል።

ይሄን ሁሉ ለማወቅ ላቦራቶሪ አላስፈለገንም። ነጭ የጥጥ ጨርቅ ነው የተጠቀምነው። መጀመሪያ ደረቁን ጨርቅ ጣት ላይ ጠቅልሎ ቆዳውን ጠንከር አድርጎ ማሸት፣ ከዚያ አርጥቦ እንደገና ማሸት። ከተመለሱት ቦርሳዎች የአንዱ ፊት በደረቁ ጥቂት ነክቶ ነበር፤ በእርጥቡ ጨርቁ ቡናማ ሆነ። የማንገቻው ውስጥ ደግሞ በደረቁም ለቀቀ። እነዚያ ቦርሳዎች ውሃ ባይረጭም በላብ ብቻ ልብስ ያበላሹ ነበር። እህትየዋ ጨርቁን ይዛ ዝም አለች። ከዚያ መደርደሪያ ላይ የቀሩትን ዕቃዎች አንድ በአንድ እያወረደች ሁሉንም ሞከረቻቸው።

ከገዢዎቹ ጋር ያደረጉትን ልናገር። የተመለሱትን 5 ቦርሳዎች ብቻ አልያዙም። ለ14ቱም ደወሉ። ቦርሳው ቀለም እንደሚለቅ፣ ነጭ ልብስ ላይ እንዳይያዝ፣ ከፈለጉ ማንገቻው በነፃ እንደሚቀየር ነገሯቸው። ገንዘቡ ጎድቷቸዋል፤ የበዓሉ ትርፍ በሙሉ እዚያው አለቀ። ወንድምየው ያልደወሉትን መቀስቀስ አልፈለገም ነበር። እሷ ናት «የከተማ ሰው ነው፤ ዛሬ ባይደውል ነገ ቤተ ክርስቲያን እንገናኛለን» ያለችው። ትክክል ነበረች። ጎንደር ውስጥ ደንበኛ የሚመጣው በሰው አፍ ነው።

ቀጣዩ ጥያቄ በምን ይቀቡት የሚለው ነበር። የቆዳ ቀለም የሚባለው፣ በስፒሪት የሚሟሟው፣ አዲስ አበባ ለጫማ ሠሪዎች ዕቃ የሚያቀርቡ ነጋዴዎች ጋ ይገኛል። ግን ውድ ነው፤ ሲያልቅም መንገዱ ሁልጊዜ አይታመንም። ስለዚህ እጃቸው ላይ ባለ ነገር የሚሠራ ቀለም ፈለግን። ሦስት አገኘን።

የመጀመሪያው ከወንድምየው የድሮ ብስጭት የመጣ ነው። ብረቶቹ ዝገው እርጥብ ቆዳ ላይ ሲያርፉ ሰማያዊ ቢጤ ጥቁር ነጥብ ይጥሉበት ነበር፤ እሱም በሎሚ ጭማቂ ሲያነጣ ይውላል። ነጥቡ ቆሻሻ አይደለም። በቆዳው ውስጥ ያለው ታኒን ከብረት ጋር ሲገናኝ ጥቁር ይሆናል። እንግዲያው ይሄንኑ ሆን ብሎ ማድረግ ይቻላል። የድስት መፈግፈጊያ ሽቦ ዘይቱን በሳሙና አጥቦ አቼቶ ውስጥ መዘፍዘፍ፣ ክዳኑን ሳያጠብቁ ለቀናት መተው፣ ከዚያ አጥልሎ መቀባት። ሲቀቡት ውሃ ይመስላል። ዓይንህ እያየ ቆዳው ግራጫ ይሆናል፣ ከዚያ ይጠቁራል። ጥቁረቱ ላዩ ላይ የተለበጠ አይደለም፤ ቆዳው ራሱ ነው የጠቆረው። ቀጥሎ ቤኪንግ ሶዳ በበጠበጡበት ውሃ ማጠብ ያስፈልጋል፤ አሲዱ ከቀረ ቆዳውን ውሎ አድሮ ያደርቀዋል። ከዚያ ማድረቅ፣ ዘይት ማጠጣት። ቀበቶዎቹ አሁን ጥቁር የሆኑት በዚህ ነው። መጀመሪያ ላይ ጥቂት ስለሚነካ እሱንም በነጭ ጨርቅ እስኪያልቅ ያሹታል።

ሁለተኛው ያለ ቀለም የሚገኝ ቡናማ ነው። ዘይትና ፀሐይ። በታኒን የለፋ ቆዳ ፀሐይ ላይ ሲቆይ በራሱ ይቀላል፣ ዘይት ሲጠጣ ይጠልቃል። ዘይቱ ላይ ግን ተከራከርን። እህትየዋ ቤት ያለውን የኑግ ዘይት ልትቀባ ነበር። ኑግ አየር ሲያገኝ እየደረቀ የሚጣበቅ ዘይት ነው፤ ቦርሳው አቧራ መሳቢያ ይሆናል። ቅቤ አያቶቻችን ቆዳ ያለሰለሱበት ነው፤ ለከተማ ሴት ቦርሳ ግን ሽታው አይሆንም። ለጊዜው የወይራ ዘይት በጣም በስሱ ይጠቀማሉ። ማንገቻዎቹን በሙሉ ወደዚህ አመጧቸው። ቦርሳው ጠቆር ቢልም ማንገቻው ማር የመሰለ የራሱ ቀለም አለው፤ በውስጡም ስስ ያልተቀባ የበግ ቆዳ ይለበጣል።

ሦስተኛውን እኔ አላመጣሁትም፤ ከተማዋ ናት የሰጠችን። ጎንደር ዐፄ ፋሲል በ1636 እ.ኤ.አ. ከቆረቆሯት ጀምሮ የጸሐፊዎችና የመጽሐፍ ደጓሾች ከተማ ናት። አንድ የኔታ አሉ፤ የዳዊትና የገድል ሽፋን ይደጉሳሉ፣ ማኅደርም ይሰፋሉ። ወንድምየው በጉዳዩ ተጨንቆ ሲያወራ ሰምተው ኖሮ «ና እስቲ እይ» አሉት። አብረን ሄድን። ከእንጨት ገበታው ላይ የተለበጠውን ቆዳ አረጠቡት። ትንሿን ብረት ፍም ላይ አሞቋት፣ እርጥብ ጨርቅ ነካ አድርገው ድምፁን አዳመጡ፣ ከዚያ ቆዳው ላይ ተጫኗት። ብረቷ ስትነሣ መስቀሉ ጥልቅ ሆኖ፣ ጠቁሮ ታትሟል።

«የኔታ፣ ቀለሙን መቼ ነው የሚቀቡት?» አላቸው።

«ምን ቀለም አለው ልጄ? እሳቱ ነው እንጂ።»

በርጥበትና በሙቀት የጠቆረ ቆዳ ምንም የሚለቀው የለም። ወንድምየው ለሐረጉ መደብ፣ ማለትም ከአበባውና ከቅጠሉ ኋላ ላለው ዝቅ ላለ ቦታ፣ ሁለት ብረት ለየ። አሁን አሞቆ ይመታባቸዋል። ሙቀቱ ከበዛ ቆዳው ይሰነጠቃል፤ ከአነሰ አይጠቁርም። ቁርጥራጭ ላይ ብዙ ተለማመደ። የመጣው ጥላ ድሮ በተጠራቀመ ቀለም ይፈልጉት የነበረው ጥላ ነው፤ ልዩነቱ ነጭ ጨርቅ ሲያልፍበት ጨርቁ ነጭ ሆኖ መመለሱ ነው። አሜሪካዊው ሐረግና የጎንደር ድጉሰት አንድ ቆዳ ላይ ተገናኙ። ማንም ለማሻሻጥ ብሎ ያሰበው ነገር አይደለም፤ ለዚህም ይመስለኛል ያማረው።

ሙሉ ቡናማ ለሚሉ ገዢዎች የስፒሪቱን ቀለም ጥቂት ይዘዋል። እሱም ሥርዓት ተበጀለት። አንድ ጊዜ ስስ አድርጎ መቀባት፣ ማድረቅ፣ ምንም እስከማይነካ መወልወል። ከዚያ አክሪሊክ መዝጊያ ሁለት ጊዜ፣ በስሱ፣ በመሀሉ እያደረቁ። በአንዴ ወፍራም ከተቀባ ሐረጉ ውስጥ ተጠራቅሞ ነጭ ደመና ይሠራል፤ ቆዳው ሲታጠፍም ይሰነጠቃል። ለጠርዙ ደግሞ ማዕዘኑን መላጥ፣ በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ፣ አርጥቦ በለስላሳ እንጨት እስኪያብረቀርቅ ማሸት፣ መጨረሻ ላይ ሰም። ስፌቱን አልነካነውም። በሁለት መርፌ፣ ሰም በጠጣ ክር የምትሰፋው ስለሆነ አንዱ ክር ቢበጠስ ሌላው ይይዛል። እሱ ላይ የምጨምርላት አልነበረኝም።

አሁን አንድም ዕቃ የነጭ ጨርቁን ፈተና ሳያልፍ አይወጣም። ጨርቁ ላይ የዕቃው ዓይነትና ቀኑ ይጻፍበትና በሽቦ ይሰካል። ገዢ ሲጠይቅ ያሳዩታል።

ይሄ ሁሉ ጊዜ ይበላል። ድሮ በ3 ቀን የሚያልቀው ቦርሳ አሁን ማድረቂያው ተጨምሮ 5 ቀን ይፈጃል። ዋጋውን መጨመር ግድ ሆነ፤ ያን ጊዜ አንዳንድ ደንበኛ መምጣቱን ተወ። ዋጋ ሲነገር «የቆዳ ቦርሳ አይደል እንዴ?» የሚል አለ። የቆዳ ሥራን ዝቅ አድርጎ ማየት አገራችን ውስጥ የቆየ ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማወጅ ደርሰዋል። ስድቡ ቀነሰ፤ የባለሙያን ሰዓት በነፃ የመፈለጉ ነገር ግን አለ። እኔ የመከርኳቸው ዋጋ ሲያወጡ ቆዳውን፣ ክሩንና ዘለበቱን ብቻ ሳይሆን የሁለቱንም ሰዓት ለየብቻ እንዲጽፉ ነው። እህትየዋ ስትጽፈው የኪስ ቦርሳው ያከስራቸው እንደነበር ታወቀ። ብዙ ይሸጥ ስለነበር ዋና ገቢያቸው ይመስላቸው ነበር። ቅርጹን ትተው ቀለል ባለ የጋለ ብረት ማኅተም ብቻ ቀጠሉበት።

ገዢዎቹም ተለወጡ። ክልሉ ውስጥ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ግጭቱ ከበረታ ወዲህ የውጭ ጎብኚ ቀንሷል። ለጎብኚ ተብሎ የተሠራው ዕቃ ለወራት ቆመ። የያዛቸው ለአገር ሰው የሚሠሩት ነው። የዳዊት ማኅደር፣ የሙሽራ ቀበቶ፣ ለፈረስ ጉግስ የሚሆን የልጓም ጌጥ። የማኅደሩን ሥራ የላኩላቸው የኔታ ናቸው። «እጄ ደክሟል፤ እናንተ ጋ ይሂዱ» እያሉ።

በሚቀጥለው ጥምቀት የተቀበሉት 8 ቦርሳ ብቻ ነው። ቀብድ ሲቀበሉ ለእያንዳንዷ ገዢ እርጥቡን ጨርቅ እጇ ላይ ሰጥተው ናሙናውን ራሷ እንድታሸው አደረጉ። ጥር 11 ውሃው ተረጨ፤ የተመለሰ ቦርሳ የለም። ማንገቻው ላይ ውሃ ያረፈበት ቦታ ጠቆር ያለ ነጠብጣብ ያሳዩ ሁለት አሉ። ዘይት ከመጠን ባነሰ የተቀባባቸው ናቸው፤ መላውን ማንገቻ አርጥበው እኩል ሲያደርቁት ጠፋ።

ያልተፈቱ ሁለት ነገሮች አሉ። አንዱ ክረምት ነው። ቤቷ ትረጥባለች፣ በታኒን የለፋ ቆዳ ሻጋታ ቶሎ ይይዘዋል። ከግድግዳ አርቀው፣ ከፍ አድርገው፣ በፌስታል ሳይሆን በአቡጀዲ ሸፍነው ያስቀምጡታል፤ ያም ሆኖ ነሐሴ ላይ በየሳምንቱ እያወጡ መጥረግ አልቀረላቸውም። ሌላው ቆዳው ነው። ነጋዴው የሚልከው አንድ ጊዜ ወፍራም፣ አንድ ጊዜ ስስ ነው፤ አንዳንዱ በገፈፋ ጊዜ ቢላ የነካው፣ አንዳንዱ በከብቱ ላይ እያለ እከክ የበላው። ወንድምየው አሁን ገንዘብ ከመላኩ በፊት የጠርዙን ፎቶና ቁራጭ ናሙና ይጠይቃል። ባለፈው ከላኩለት ሦስት ቆዳ አንዱን መልሶታል።